ውድ ሄድፎን ውድ አምፕሊፋየር አይሻም

ጥሩ ሄድፎን የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ምክር ይደርሰዋል። «ይህን የመሰለ ሄድፎን ይዘህ በዚህ ተራ አምፕሊፋየር ትሰማለህ? ቢያንስ የሄድፎኑን ያህል ዋጋ ያለው አምፕሊፋየር ካልገዛህ ገንዘብህ በከንቱ ፈሰሰ» ይሉታል። ሻጩ ይለዋል፣ ከእሱ ቀድመው የገዙት ይሉታል፣ የድምፅ መሣሪያ መጽሔቶችም በየእትማቸው ይሉታል። ቀጥሎ የማጣመር ትምህርት ይመጣል። ትሬብሉ ለሚያይል ሄድፎን ለስላሳ አምፕሊፋየር ይፈለግለታል፤ ቤዙ ለከበደው ደግሞ «ፈጣን» የሚባል አምፕሊፋየር ይታዘዝለታል፤ ለአንዱ ቫልቭ፣ ለሌላው ትራንዚስተር ይስማማዋል ይባላል። ገዢው አንዱን ሸጦ ሌላውን እየገዛ ዓመታት ያልፋሉ፤ ትክክለኛው ጥንድ ግን ምንጊዜም አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ፣ በዋጋም ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል።

ይህ ምክር ከሥሩ የተሳሳተ ነው። አምፕሊፋየር የሚሠራው ሥራ የታወቀ፣ የሚለካ፣ ወሰን ያለው ሥራ ነው። ያንን ሥራ በሚገባ የሚሠራ መሣሪያ ከ100 ዶላር ባነሰ ዋጋ መሸጥ ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ ለሣጥኑ ውበት፣ ለቁልፎቹ ብዛት፣ ለአምራቹ ስም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ደስ የሚለው ሰው ይክፈል። ለድምፅ ብሎ የሚከፍለው ግን እየተታለለ ነው፤ ይህን እያወቁ ዝም ማለት ደግሞ ተገቢ አይመስለኝም።

ሥራው ምንድን ነው? አምፕሊፋየሩ ከማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ፣ ቅርፁን ሳይለውጥ አጉልቶ፣ ለሄድፎኑ ይሰጣል። ስለዚህ ገዢው ማወቅ ያለበት፣ ሄድፎኑ በሚፈልገው መጠን ቮልት ማግኘቱን፣ በመንገድ ላይ የድምፁ ሚዛን አለመለወጡን፣ በጸጥታው መሐል ሽሽ የሚል ድምፅ አለመሰማቱን ነው። ሦስቱም ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሮቹን ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያሰላቸው ይችላል።

ሴንሃይዘር በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ያቀረበውን ኤችዲ 650 እንውሰድ። ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) 300 ኦም ስለሆነ «ያለ ትልቅ አምፕሊፋየር የማይነቃ» እየተባለ ስሙ ሲነሣ የኖረ ሄድፎን ነው። ይህ ሄድፎን 1 ቮልት ሲሰጠው 103 ዴሲቤል ያህል ድምፅ ያወጣል። 103 ዴሲቤል ምን ያህል ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጆሮ የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ያለማቋረጥ በ103 ዴሲቤል የሚሰማ ሰው የሳምንት ድርሻውን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ሙዚቃ ግን ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከበሮው ሲመታ፣ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አብረው ሲነሡ ድምፁ ለቅጽበት ከአማካዩ 15 ወይም 20 ዴሲቤል ይዘላል። ለዚህ እንኳ በለጋስነት 115 ዴሲቤል እንመድብ። የሚያስፈልገው 4 ቮልት ነው፤ በኃይል ሲሰላ 53 ሚሊዋት። አንድ ዋት 1,000 ሚሊዋት መሆኑን እያስታወስን፣ በየማስታወቂያው የሚደረደሩትን አምስትና አሥር ዋቶች ከዚህ ቁጥር ጎን እናስቀምጣቸው።

አፕል ለስልኮች የሚሸጠው የ9 ዶላር የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ፣ በአሜሪካ በሚሸጠው ዓይነቱ፣ 1 ቮልት ያወጣል። በአማካይ 80 ዴሲቤል ላይ ለሚያደምጥ ሰው ይህች ጣት የማታክል ነገር ኤችዲ 650ን የሙዚቃው ጫፍ ድረስ ልትነዳው ትችላለች። ለአውሮፓ ገበያ የሚቀርበው ግን ግማሹን ያህል ብቻ ስለሚያወጣ እዚያ ያለ ሰው ሊያንሰው ይችላል። ልዩነቱ የቮልት ነው፤ የዋጋቸው ደረጃ አንድ ነው።

«እሺ፣ ለመንዳት የእውነት ከባድ የሆኑትስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሃይፋይማን በ2010 ያወጣው ኤችኢ-6 በዚህ ረገድ የታወቀ ነው። ኢምፒዳንሱ 50 ኦም ብቻ ነው፤ ነገር ግን በ1 ሚሊዋት የሚያወጣው 83.5 ዴሲቤል ስለሆነ 115 ዴሲቤል ለመድረስ 1.4 ዋት፣ በቮልት ደግሞ 8.4 ይፈልጋል። የስልክ መሰኪያ እዚህ ከንቱ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው ሒሳቡን አልሠራም። እንግዲህ የ300 ኦሙ ቀላል፣ የ50 ኦሙ ከባድ ሆኖ መገኘቱን ልብ ይሏል። ብዙ ሻጮች «ኦሙ ከፍ ያለ ነውና ትልቅ አምፕሊፋየር ያሻዋል» እያሉ የሚሸጡበት ደንብ እዚህ ላይ ይፈርሳል። ደግሞስ ኤችኢ-6 የጠየቀው ምንድን ነው? ቮልት ነው። ጄዲኤስ ላብስ በ2018 በ99 ዶላር ያወጣው አቶም በ32 ኦም ላይ 1 ዋት ይሰጣል፤ ያ ቮልት ብቻውን ኤችኢ-6ን 111 ዴሲቤል ያደርሰዋል። ከዚህ ዓለም እጅግ ከባድ ከሚባሉት ሄድፎኖች አንዱ እንኳ የጎደለው አራት ዴሲቤል ያህል ነው፤ ያውም ለጆሮ አደገኛ በሆነው ከፍታ ላይ።

ከሚገባው በላይ ኃይል መግዛት ደግሞ ጉዳት እንዳለው ምክር ሰጪዎቹ አይናገሩም። ለኤችኢ-6 የተሠራ አምፕሊፋየር ላይ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ስሱ ማዳመጫ ሲሰካ፣ ሙዚቃው ሳይጀምር የመሣሪያው የራሱ ሽሽታ ይሰማል። ቮሊዩሙም ገና ከመነሻው ፈቀቅ ሲል ይጮኻል። አብዛኞቹ የቮሊዩም ቁልፎች ደግሞ በመነሻቸው አካባቢ ግራና ቀኙን እኩል አይሰጡም፤ ዘፋኙ ከመሐል ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ሰውየው ብዙ ሺህ ዶላር አውጥቶ የገዛው ነገር ከስልኩ የባሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ «ሞቅ ያለ ድምፅ» ልምጣ፤ የተቃራኒዎቼ ጠንካራ ምሽግ እሱ ነው። በቫልቭ አምፕሊፋየር የሰማ ሰው «ለየት ይላል» ሲል አልዋሸም። ብዙ ጊዜ በእርግጥ ይለያል። ምክንያቱን ግን እንይ። የኤችዲ 650 ኢምፒዳንስ በወረቀት ላይ 300 ኦም ይባል እንጂ በቤዙ አካባቢ፣ 100 ኸርዝ ሳይሞላ፣ ወደ 500 ኦም ይወጣል። ትራንስፎርመር የሌላቸው ቫልቭ አምፕሊፋየሮች የራሳቸው የመውጫ ኢምፒዳንስ ከፍተኛ ነው፤ 100 ኦም የሚያልፉ አሉ። ሄድፎኑና አምፕሊፋየሩ ቮልቱን የሚከፋፈሉት በኢምፒዳንሳቸው ልክ ስለሆነ፣ ሄድፎኑ 500 ኦም በሆነበት ቦታ የሚደርሰው ቮልት 300 በሆነበት ቦታ ከሚደርሰው ይበልጣል። አምፕሊፋየሩ 120 ኦም ከሆነ ቤዙ በ1 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። የሞቅታው ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ ከቫልቩ የሚጨመረው ጥቂት የድምፅ መዛባትም ይከተለዋል።

1 ዴሲቤል ቤዝ መጨመር ክፉ ነው አልልም። ለሚወደው ሰው ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህን ለማግኘት ኢኳላይዘር ይበቃል፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ኢኳላይዘር ኤፒኦ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። በኢኳላይዘር የጨመረው ሰው ሳይወደው ቢቀር ይቀንሰዋል፣ ዘፈኑ ሲለወጥ ያጠፋዋል፣ ሄድፎኑን ሲቀይር ያስተካክለዋል። በአምፕሊፋየር የገዛው ሰው ግን በዚያች አንዲት ዴሲቤል ታስሮ ይቀራል፤ ሌላ ሄድፎን ሲሰካበት ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በተለይ ባለ ብዙ ድምፅ ማውጫ የሆኑት ስሱ የጆሮ ውስጥ ማዳመጫዎች፣ ለምሳሌ የካምፕፋየር አንድሮሜዳ፣ ኢምፒዳንሳቸው ከቦታ ቦታ ስለሚዋዥቅ፣ 10 ኦም የመውጫ ኢምፒዳንስ ብቻ ጠባያቸውን ይለውጠዋል። የአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፒዳንስ ከሄድፎኑ ስምንት እጅ ያነሰ ይሁን የሚለው የባለሙያዎች ደንብ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ደንብ በሰፊው ካሳወቁት መካከል ኤንደብሊውኤቪጋይ በሚል የብዕር ስም ብቻ የሚታወቅ መሐንዲስ አለ። በ2011 ኦ2 የተባለ የሄድፎን አምፕሊፋየር ነድፎ ሙሉ ሥዕሉን ከነልኬቱ ለሕዝብ በነፃ ለቀቀ። መለዋወጫውን ገዝቶ በጥቂት አሥር ዶላሮች ብየዳ የሚችል ሰው ሁሉ ይሠራው ነበር። የመውጫ ኢምፒዳንሱ ከ1 ኦም በታች፣ ሽሽታው ከመስማት በታች፣ ቮልቱ ለአብዛኞቹ ሄድፎኖች ከበቂ በላይ ነበር። ሰውየው በቀጣዩ ዓመት ድንገት ዝም አለ፤ ማንነቱ እስካሁን አልታወቀም። ከሥራው አንዲት ሳንቲም አልፈለገም፤ ሥራውን ተከትለው በርካታ ድርጅቶች ርካሽና ጥሩ አምፕሊፋየር ማምረት ጀመሩ። በዚህ ሙያ ውስጥ ለአድማጩ ከተደረጉ ቸርነቶች እንደዚህ ያለ ጥቂት ነው፤ ስሙን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም።

«ቁጥሩን ተወው፤ ጆሮዬ ይሰማል» የሚሉት ወገኖች አሉ። በጆሮ መፈረድ አለበት፤ እስማማለሁ። ጆሮ ብቻውን ይፍረድ ግን፤ ዓይን ዋጋውን አይቶ አያግዘው። ይህ ዓይነት ፍርድ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1978 በእንግሊዝ አገር የኳድ ድርጅት የቫልቭ አምፕሊፋየሩን ከሁለት የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮቹ ጋር፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ለማያውቁ ልምድ ያላቸው አድማጮች አቅርቦ ነበር፤ መለየት አልቻሉም። በ1987 በአሜሪካ ስቴሪዮ ሪቪው መጽሔት ከ220 ዶላር ሪሲቨር ጀምሮ እስከ 12,000 ዶላር የቫልቭ አምፕሊፋየር ድረስ ደርድሮ ተመሳሳይ ሙከራ አደረገ። በአምፕሊፋየር ልዩነት የሚያምኑትም የማያምኑትም ተካፈሉ፤ መልሳቸው በግምት ከሚገኘው የተሻለ አልነበረም።

ከሁሉም የሚያስተምረው ግን በ1985 የሆነው ነው። ቦብ ካርቨር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ለስቴሪዮፋይል መጽሔት አዘጋጆች፣ «የፈለጋችሁትን ውድ አምፕሊፋየር ምረጡ፤ የእኔን ርካሽ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር አስተካክዬ ድምፁን አንድ አደርገዋለሁ» አላቸው። አዘጋጆቹ በጣም ውድ የሆነ የቫልቭ አምፕሊፋየር መረጡለት። ካርቨር ሁለቱን መሣሪያዎች አገናኝቶ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ብቻ ለይቶ እየሰማ፣ ያ ልዩነት እስኪጠፋ ድረስ የራሱን አስተካከለ። በመጨረሻ ልዩነቱ ከሙዚቃው በ70 ዴሲቤል ያነሰ ሆነ፤ በቮልት ሲነገር ከ3,000 እጅ አንዱ ነው። አዘጋጆቹ፣ የመጽሔቱ መሥራች ጄ ጎርደን ሆልት ጭምር፣ ሰምተው መለየት እንዳልቻሉ በራሳቸው መጽሔት ላይ ጻፉ። ያን ጊዜ ክርክሩ ማብቃት ነበረበት። ውድ የተባለው «ነፍስ» በሚለኩ ነገሮች የተሠራ መሆኑ፣ የሚለካ በመሆኑም በርካሽ መሣሪያ ሊደገም መቻሉ በአደባባይ ታይቷልና።

«የሙከራ ክፍል ያስጨንቃል፣ ልዩነቱ የሚገለጠው በወራት ማዳመጥ ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ማንም በወራት አትስሙ አላለም። ወር ይውሰዱ፤ ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ ይሁኑ። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ አለማወቅና የሁለቱን የድምፅ ከፍታ ማስተካከል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ ችላ የሚባል ነው። ሁለት አምፕሊፋየሮች ቁልፋቸው አንድ ቦታ ቢሆንም የሚያጎሉበት መጠን ይለያያል። ልዩነቱ ግማሽ ዴሲቤል ሲሆን ጆሮ «ይህኛው ጮኸ» አይልም፤ «ይህኛው ጠራ፣ ጥልቀት አለው፣ ዘፋኙ ቀረበ» ይላል። በየግምገማው የምናነባቸው ቃላት በሙሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ሊመነጩ ይችላሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የ200 ኸርዝ ወጥ ድምፅ እያጫወቱ፣ ሄድፎኑ እንደተሰካ፣ ቮልቱን በመልቲሜትር ለክቶ ከ0.1 ዴሲቤል ባልበለጠ ልዩነት ማመሳሰል። መልቲሜትር በማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለ። ይህን ሳያደርግ በሁለት አምፕሊፋየሮች መካከል ፍርድ የሚሰጥ ገምጋሚ፣ ምንም ያህል ዓመት ቢያገለግል፣ ፍርዱ ዋጋ የለውም።

የምክሩ ትልቁ ጥፋት ግን የሰውን ገንዘብና ትኩረት ከትክክለኛው ቦታ ማራቁ ነው። በሁለት ጥሩ አምፕሊፋየሮች መካከል ያለው የድምፅ ሚዛን ልዩነት የዴሲቤል አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ በሁለት ጥሩ ሄድፎኖች መካከል ያለው አምስትና አሥር ዴሲቤል ይደርሳል። ጄሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ በ2017 ባሳተመው ጥናት 283 የጆሮ ማዳመጫዎች ለክቶ፣ በድምፅ ሚዛናቸውና በዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። እንግዲህ ጥፋቱም ልማቱም ያለው ሄድፎኑ ላይ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን አምፕሊፋየር ላይ መፈለግ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

የሴንሃይዘር ኤችዲ 800 ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በ2009 ሲወጣ በ6 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጆሮ የሚወጋ ከፍታ ነበረው። ለዓመታት ለባለቤቶቹ ሲሰጥ የኖረው ምክር «ለስላሳ አምፕሊፋየር ፈልጉ» የሚል ነበር፤ ስንቱ ሰው ስንት የቫልቭ መሣሪያ ገዝቶ ሸጠ። የመውጫ ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ አምፕሊፋየር የኤችዲ 800ን ቤዝ ትንሽ ያነሣ ይሆናል፤ በ6 ኪሎኸርዝ ያለውን ከፍታ ለይቶ ሊነካው ግን አይችልም። ሴንሃይዘር ራሱ በ2016 ኤችዲ 800 ኤስን ሲያቀርብ ችግሩን የፈታው በሄድፎኑ ጽዋ ውስጥ ያንን ድምፅ የሚውጥ ክፍል በመጨመር ነው። ሠሪው የት ላይ እንደነካ እያዩ አምፕሊፋየር መምከር የቀጠሉ ሰዎች ሊያፍሩ ይገባል።

ልዩ ሁኔታ የለም አልልም። እንደ ስታክስ ያሉ ኤሌክትሮስታቲክ ሄድፎኖች 580 ቮልት የሚደርስ የማያቋርጥ ጫና ስለሚፈልጉ ያለ ራሳቸው አምፕሊፋየር አይሠሩም። ይህ የአሠራር ግዴታ ነው፤ የዋጋ ደንብ ሊወጣበት አይገባም። «ባላንስድ» የሚባለው መውጫም ቮልቱን በእጥፍ ያሳድጋል፤ ቮልት ለጎደለው ሄድፎን ይረዳል፣ ላልጎደለው አንዳች አይጨምርም።

ልኬት አምላኪዎችም ከዚህ ወቀሳ አይድኑም። ሲዲ ራሱ የሚይዘው 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ሆኖ ሳለ፣ መዛባቱ ከሙዚቃው በ115 ዴሲቤል ያነሰውን አምፕሊፋየር ትቶ በ121 ያነሰውን ለመግዛት የሚሯሯጥ ሰው፣ በቫልቭ ከሚምለው ጋር አንድ መንገድ ላይ ነው። ሁለቱም የማይሰማ ነገር ይገዛሉ።

የእኛን ሙዚቃ ለሚወድ ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ነው። አምሐ ሪከርድስ ከ1969 ጀምሮ፣ ካይፋ ሪከርድስም ከእሱ ቀጥሎ ያሳተሟቸው ሸክላዎች የተቀረጹት በዘመኑ በነበረው መሣሪያ ነው። ማይክሮፎኑ ያልያዘውን የትኛውም አምፕሊፋየር አያመጣውም። የዓለሙ አጋን በገና ያለበትን 11ኛውን የኢትዮፒክስ ቅጽ በጥሩ ሄድፎን የሰማ ሰው የጅማቶቹን ንዝረት፣ ከሥር የሚያጉረመርመውን ድምፅ ለይቶ ያገኛል። ያን የሚሰጠው ሄድፎኑና ንጹሕ ቅጂው ነው። በዶላር እየተገዛ፣ ቀረጥ እየተከፈለበት በሚገባ ዕቃ ላይ አገር ቤት ያለ አድማጭ የሚያባክነው ገንዘብ የለውም። ውጭ አገር ያለውም ቢሆን የሚያተርፈውን ብር የቆዩ ሸክላዎችን አጽድተው ዳግም ለሚያሳትሙ ሰዎች ቢከፍል ይሻለዋል።

ስለዚህ ልምድ ላላችሁ አድማጮች የምለው አለ። ጀማሪ መጥቶ «ለዚህ ሄድፎን ምን አምፕሊፋየር ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ዋጋ አትጥሩለት። በምን ያህል ከፍታ እንደሚሰማ ጠይቁት፤ የሄድፎኑን ኢምፒዳንስና በ1 ቮልት የሚያወጣውን ዴሲቤል አይታችሁ ቮልቱን አስሉለት፤ የመውጫ ኢምፒዳንሱ ከ1 ወይም 2 ኦም የማይበልጥ፣ ሽሽታ የሌለው ርካሽ መሣሪያ አሳዩት። አሁን ያለው ከበቃውም «ይበቃሃል» በሉት።